ማን ይክፈል፣ ማን ይሥራ? የግብርና ምርምርና ኤክስቴንሽን አደረጃጀት አማራጮች ንጽጽር

የበጀት ሰሞን ሲመጣ ስለ ግብርና የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ስለ መጠኑ ነው፤ ዘንድሮ ስንት ይመደብ፣ ከአምናው በስንት ይብለጥ። ገንዘቡ በየትኛው መንገድ ይሂድ፣ ምርምሩን ማን ያካሂድ፣ ምክሩን ለአርሶ አደሩ ማን ያድርስ (ኤክስቴንሽን የሚባለው ይኸው ነው)፣ ሥራው ሲበላሽስ ማን ይጠየቅ የሚለው ግን ድሮ ተወስኖ እንዳለቀ ነገር ይታለፋል። ነገሩ አላለቀም። አገሮች ይህን ሥራ እጅግ በተለያየ መንገድ ያደራጁታል፤ እኛም ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ደጋግመን ቀያይረነዋል።

ይህ መመሪያ ውሳኔ ላይ ለሚቀመጡ ሰዎች ነው፦ ለምክር ቤት አባላት፣ ለግብርና ቢሮና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ለኅብረት ሥራ ዩኒየን ቦርዶች፣ የእርዳታ ፕሮጀክት ለሚቀርጹ ባለሙያዎች። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መመዘኛዎቹ

"የመንግሥት ይሁን ወይስ የግል?" ብሎ መጀመር ሁለት ጥያቄዎችን ማደባለቅ ነው። ማን ይከፍላል አንድ ጥያቄ ነው፤ ማን ይሠራል ሌላ። መንግሥት ከፍሎ የግል ድርጅት ሊሠራ ይችላል፤ አምራቾች አዋጥተው የመንግሥት ተቋም ሊመራመርላቸው ይችላል። ሁለቱን ለይቶ የያዘ ሰው ከታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ በቀላሉ ይከተላቸዋል።

ቀዳሚው መመዘኛ የዕውቀቱ ጠባይ ነው። ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ እንውሰድ። የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል በምርታማነቱ የታወቀውን "ዱከም"ን በንጣቱ ከሚፈለገው "ማኛ" ጋር አዳቅሎ በ2006 ለአርሶ አደሩ አወጣው። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ስለሆነ አንድ ጊዜ ዘሩን ያገኘ አርሶ አደር ለከርሞ ከጎተራው ያወጣል፤ ለጎረቤቱም ያበድራል። ለአገር ትልቅ በረከት ነው፤ ለዘር ነጋዴ ግን ገበያ የለውም። ድቅል በቆሎ በተቃራኒው ነው፤ ዘሩ ተመልሶ ሲዘራ ምርቱ ስለሚወርድ ገበሬው በየዓመቱ ይገዛል፣ ስለዚህ የግል ኩባንያ በደስታ ይገባበታል። ለጤፍ፣ ለገብስ፣ ለሽምብራ፣ ለእንሰት የግል ምርምር እስኪመጣ መጠበቅ ሳይመጣ የሚቀር እንግዳ መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው የጊዜው ርዝመት ነው። አንድ የስንዴ ዝርያ ከመጀመሪያው ማዳቀል እስከ መለቀቅ አሥር ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ ከተለቀቀ በኋላም ሥራው አያልቅም። በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ሲነሣ ሰፊ ማሳ ይዘው የነበሩት ኩብሳና ጋላማ የተባሉ የስንዴ ዝርያዎች ተመቱ። ቢጫ ዋጉን ስለተቋቋመ የተስፋፋው ዲገሉ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ወደቀ። ዋጉ ጠባዩን በቀየረ ቁጥር ምርምሩ አብሮ መሮጥ አለበት። እንዲህ ያለውን ሥራ በሦስት ዓመት ፕሮጀክት የሚከፍል ሰው ከመካከል ጥሎት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ሦስተኛው፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው፣ የሥራ ማስኬጃ ነው። ደመወዝ ተከፍሎ ነዳጅ፣ ውሎ አበል፣ የላብራቶሪ ኬሚካል፣ የሠርቶ ማሳያ ዘርና ማዳበሪያ ከሌለ ተቋሙ በስም ብቻ ይኖራል። ዝናብ ደግሞ የግዥ ሂደት እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ለሰኔ የተጠየቀ ብር በጥቅምት ከተለቀቀ ለዚያ ዓመት እንዳልተመደበ ይቆጠራል። ስለዚህ ማንኛውንም አማራጭ ስትመዝኑ አንድ ቁጥር ጠይቁ፦ ከመቶው ብር ስንቱ ለደመወዝ ይሄዳል? ቀሪውስ በየትኛው ወር እጅ ይገባል? ይህን መመለስ የማይችል እቅድ የቱንም ያህል የሚያምር ሥዕላዊ መዋቅር ቢኖረው አይረባም።

አራተኛው ተጠያቂነት ነው፦ ቅድሚያውን ማን ይወስናል፣ አርሶ አደሩስ "ይህ አልጠቀመኝም" ሲል የሚሰማው ማን ነው? አምስተኛው ተደራሽነት፦ ከመንገድ የራቀችው ቀበሌና በስሟ መሬት ያላት ሴት አርሶ አደር ይደረስባቸዋል ወይ?

አማራጭ አንድ፦ የመንግሥት መዋቅርና ብሔራዊ ኢንስቲትዩት

እኛ ያለንበት ነው። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1966 ተቋቋመ፤ ሆለታ፣ ባኮ፣ መልካሳ፣ ጅማ፣ ወረር በዚህ ሥርዓት ያደጉ ማዕከላት ናቸው። በ1990ዎቹ ከማዕከላቱ የተወሰኑት ወደ ክልሎች ተላለፉ፤ በ1997 የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ድርጅት ተመሠረተና በኋላ የዛሬውን የኢንስቲትዩት ስም ያዘ። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ የቀድሞው ደቡብና ትግራይም የራሳቸውን የምርምር ኢንስቲትዩት አቋቁመዋል። በኤክስቴንሽኑ በኩል ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከ60,000 በላይ የልማት ሠራተኞች በግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሠልጥነዋል፤ አሠራሩም በየቀበሌው የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ፣ ከእነሱም ጋር የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል የሚል ነው።

ጥንካሬው ሊናቅ አይገባም። በአፍሪካ ይህን ያህል ባለሙያ እስከ ቀበሌ ያወረደ አገር ጥቂት ነው። ምርምሩም ቢሆን በጭንቅ ጊዜ ደርሷል፤ የቡናን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያጠቁረው በሽታ በ1971 አገር ውስጥ ሲታይ የጅማ ማዕከል በአሥር ዓመት ውስጥ ተቋቋሚ ዝርያዎችን መርጦ አውጥቷል።

ድክመቱ ሁለት ነው። ተመራማሪው የሚታዘዘው ለኢንስቲትዩቱ፣ የልማት ሠራተኛው ለወረዳው ነው፤ የሚገናኙት በመስክ በዓል ቀን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለተኛው ደግሞ የልማት ሠራተኛው የሁሉም መሥሪያ ቤት እጅ መሆኑ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ማስመለስ፣ ለተፋሰስ ሥራ ሕዝብ ማስወጣት፣ ስብሰባ መጥራት፣ ሪፖርት መሙላት። ትናንት ዕዳ ሊያስከፍል የመጣውን ሰው ዛሬ ስለ ዘር አጠቃቀም ሲመክር አርሶ አደሩ በምን ልብ ያዳምጠው?

አማራጭ ሁለት፦ ዩኒቨርሲቲን መሠረት ያደረገ

የአሜሪካ መንገድ ነው። በ1862 የወጣው የሞሪል ሕግ የግብርና ኮሌጆችን፣ የ1887ቱ የሃች ሕግ የምርምር ጣቢያዎችን፣ የ1914ቱ የስሚዝና ሊቨር ሕግ ደግሞ ኤክስቴንሽንን በአንድ ጣሪያ ሥር አመጣ። አስተማሪው፣ ተመራማሪውና መካሪው የአንድ ተቋም ሰዎች ናቸው።

ይህን እኛ ሞክረነዋል። በ1950ዎቹ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የተቋቋመው የዓለማያ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማስተማርንም ምርምርንም ኤክስቴንሽንንም ይዞ ነበር የተነሣው። በ1963 ኤክስቴንሽኑ ተነጥሎ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሄደ። እንደ እኔ ንባብ ከአሜሪካው ሥርዓት ኮሌጁን ወሰድን እንጂ የገንዘቡን አሠራር አልወሰድንም። የ1914ቱ ሕግ የፌዴራሉ ገንዘብ እንዲመጣ ክፍለ ግዛቱ አቻ መዋጮ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ የአካባቢው አስተዳደርም ከኪሱ ያክላል። ከኪሱ የጨመረ ደግሞ ይጠይቃል። የሥርዓቱ ጥርስ እዚያ ላይ ነበር።

ዛሬ ይህን አማራጭ ለሚያስብ ክልል ትልቁ እንቅፋት የመምህሩ ማዕረግ ነው። እድገት የሚገኘው በታተመ ጽሑፍ እስከሆነ ድረስ መምህሩ ጭቃ ረግጦ ለመምከር ያለው ፍላጎት የግል በጎነቱ ብቻ ይሆናል።

አማራጭ ሦስት፦ ራሱን የቻለ የመንግሥት የምርምር ድርጅት

ብራዚል በ1973 ኤምብራፓን ስታቋቁም ከመደበኛው የሲቪል ሰርቪስ ደንብ ወጣ ያለ፣ የራሱ የሠራተኛ አስተዳደርና የደመወዝ እርከን ያለው ድርጅት አድርጋ ነበር። ገንዘቡ በአብዛኛው ከፌዴራል በጀት ነው። መጀመሪያ ያደረገው ሕንጻ መሥራት ሳይሆን ወጣት ባለሙያዎችን በብዛት ወደ ውጭ ለማስተርስና ለዶክትሬት መላክ ነው። ማዕከላቱም በሰብልና በሥነ ምህዳር ተከፋፈሉ። ሴራዶ የሚባለው አሲዳማ ሰፊ ሜዳ በኖራ ታክሞ፣ የቀን ርዝመቱ እምብዛም በማይለዋወጥበት ሞቃታማ ቀጣና የሚያፈራ አኩሪ አተር ተገኝቶ አገሪቱ ከዓለም ታላላቅ ላኪዎች አንዷ ሆነች። አሲዳማ መሬት ለጎጃምም ለወለጋም እንግዳ ነገር ስላልሆነ ታሪኩ እዚህ ሲነገር ጆሮ ያገኛል።

ሲተረክ የሚዘለል ክፍል ግን አለው። በዚያው ዘመን የተቋቋመው ብሔራዊ የኤክስቴንሽን ድርጅት በ1990 ተዘጋ፤ ምክሩም ለክፍለ ግዛቶች አቅም ተተወ። አቅም ያላቸው ቀጠሉ፣ የሌላቸው ተዳከሙ። ትልልቆቹ እርሻዎች የራሳቸውን ባለሙያ ቀጠሩ፤ የሰሜን ምሥራቁ ትንሽ ገበሬ ይህ አልሆነለትም። ኤምብራፓን ለመምሰል የሚፈልግ "ኤክስቴንሽኑንስ ማን ይይዘዋል?" የሚለውን በዚያው ቀን ይመልስ።

አማራጭ አራት፦ ከምርት የሚቆረጥ መዋጮ

አምራቹ ከሚሸጠው ላይ ጥቂት ይቆረጥና ለምርምር ይውላል። አውስትራሊያ በ1989 ባወጣችው ሕግ ለየምርት ዘርፉ የምርምር ኮርፖሬሽን አቋቋመች፤ አምራቾች ያዋጣሉ፣ መንግሥትም ከዘርፉ ጠቅላላ የምርት ዋጋ እስከ 0.5 በመቶ ድረስ በአቻው ይጨምራል። ኡራጓይ በዚያው ዓመት ብሔራዊ ኢንስቲትዩቷን በ0.4 በመቶ ተቆራጭና በመንግሥት አቻ ላይ መሠረተች፤ ቦርዱ ላይ የአምራቾች ወኪሎች ከመንግሥት ወኪሎች ጋር እኩል ይቀመጣሉ። ለእኛ የሚቀርበው ግን የኮሎምቢያ ቡና ነው። በ1927 የተመሠረተው የቡና አምራቾች ፌዴሬሽን ከሚላከው ቡና በሚቆረጥ ገንዘብ በ1938 የራሱን የምርምር ማዕከል አቋቋመ፤ ኤክስቴንሽኑንም ራሱ ያካሂዳል። ከ2008 በኋላ የቡና ዋግ አገሪቱን ሲመታ አምራቾቹ በብዛት ዋግን ወደሚቋቋመው ካስቲዮ ዝርያ የተሻገሩት ማዕከሉ ቀደም ብሎ አዘጋጅቶት ስለነበር ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ገንዘቡ በየዓመቱ ከገንዘብ ሚኒስቴር ደጅ አይጠናም፣ የከፈለውም ሰው ድምፅ አለው። ሆኖም የሚሠራው ምርቱ በጠባብ በር ሲያልፍ ብቻ ነው። ቡናና ሰሊጥ በምርት ገበያና በላኪ በኩል ያልፋሉ፤ መቁረጥ ይቻላል። ጤፍ በየመንደሩ ገበያ፣ በየጭነት መኪናው፣ በየዘመዱ ጆንያ ይሄዳል፤ ማን ላይ ቆሞ ይቆረጣል? ሌላም አደጋ አለ። መዋጮው ወደ መንግሥት ጠቅላላ ካዝና ከገባ ምርምር መሆኑ ቀርቶ ግብር ይሆናል።

አማራጭ አምስት፦ በኮንትራትና በክፍያ

እንግሊዝ ነጻ የነበረውን የምክር አገልግሎት በ1980ዎቹ ማስከፈል ጀመረችና ድርጅቱን በ1997 ወደ ግል አዛወረች። ኔዘርላንድስም ከ1990 ጀምሮ መንግሥት ድርሻውን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ወጣ። ሁለቱም አገሮች ውስጥ ገበሬው በቁጥር ጥቂት፣ በካፒታል ጠንካራ ነው፤ ባለሙያ መቅጠር ለእሱ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር ነው።

ኡጋንዳ ይህንኑ ለትንንሽ ገበሬዎች ሞከረችው። በ2001 በወጣው ሕግ የገበሬ ቡድኖች የሚፈልጉትን እንዲመርጡ፣ የግል አማካሪዎችም በመንግሥትና በለጋሾች ገንዘብ በኮንትራት እንዲያገለግሉ ተደረገ። በወረቀት ላይ አርሶ አደሩን አለቃ የሚያደርግ ሥርዓት ነበር። በተግባር የኮንትራት አሰጣጡ በሙስና ታማ፣ ብዙው ገንዘብ ወደ ግብዓት እደላ ሄደ፤ በ2014 ፕሬዚዳንቱ አሠራሩን አፍርሰው እደላውን ለጦሩ ሰጡት፤ ምክሩም ወደ ሚኒስቴሩ መዋቅር ተመለሰ። ኮንትራት የሚሠራው ኮንትራቱን የሚቆጣጠር ጠንካራ ቢሮ ሲኖር ነው፤ ያ ቢሮ ያለው ወረዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮንትራቱ አያስፈልገውም።

አማራጭ ስድስት፦ በፕሮጀክት

በስዊድን ድጋፍ በ1967 የተጀመረው የጭላሎ ፕሮግራም፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ዘርን፣ ማዳበሪያን፣ ብድርንና ምክርን በአንድ ጥቅል አቅርቦ ምርትን አሳደገ። ያንኑ ያዩ ባለርስቶች ትራክተር ገዝተው ጭሰኞቻቸውን አስነሡ። የመሬት ሥሪቱን ያልነካ ምክር ማንን እንደሚጠቅም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። በዓለም ባንክ ግፊት በብዙ አገሮች የተስፋፋው "ሥልጠናና ጉብኝት"ም በየሁለት ሳምንቱ የሚጎበኝ ባለሙያ ፈልጎ ነበር፤ ብድሩ ሲያልቅ ነዳጁም አለቀ። በ1993 የገባው ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለ ፕሮግራም ደግሞ በግማሽ ሄክታር ሠርቶ ማሳያ አስደናቂ የበቆሎ ምርት አሳየ፤ መንግሥት በ1995 አገራዊ ፕሮግራም አደረገው። ማሳያው ላይ የነበረው ቅርብ ክትትል ግን አብሮ አልተባዛም፤ በ2000ዎቹ መባቻ ምርት ሞልቶ የበቆሎ ዋጋ ሲወድቅም ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ ይዞ ቀረ።

የአርሶ አደር የመስክ ትምህርት ቤትና የ8028 ነጻ የግብርና ምክር የስልክ መስመር ብዙ ጊዜ እንደ አማራጭ ይቀርባሉ። ማስተላለፊያ መንገዶች ናቸው እንጂ አደረጃጀት አይደሉም፤ ስልኩ የሚያነበው ምክር ከአንድ የምርምር ማዕከል መውጣት አለበት።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ከፋዩ | ቅድሚያ የሚወስነው | የሚመቸው | የሚሰበርበት |
|---|---|---|---|---|
| የመንግሥት መዋቅር | የፌዴራልና የክልል በጀት | ሚኒስቴርና ቢሮ | ለምግብ ሰብል፣ ለሩቅ ቀበሌ | በሥራ ማስኬጃ እጥረትና በተደራቢ ሥራ |
| ዩኒቨርሲቲ | ማዕከላዊና አካባቢያዊ በጀት | መምህራን፣ ከፋዩ አካባቢ | ልዩ ችግር ላለበት ዞን | በማዕረግ እድገት ደንብ |
| ራሱን የቻለ ድርጅት | ፌዴራል በጀት | የድርጅቱ አመራር | ለረጅም ጊዜ ምርምር | ኤክስቴንሽን ሲረሳ |
| ተቆራጭ መዋጮ | አምራችና መንግሥት | የአምራቾች ቦርድ | ለቡና፣ ለሰሊጥ | ገንዘቡ ጠቅላላ ካዝና ሲገባ |
| ኮንትራትና ክፍያ | ተጠቃሚ ወይም መንግሥት | ከፋዩ | ለአበባ፣ ለዶሮ፣ ለወተት ከብት | በደካማ ቁጥጥር |
| ፕሮጀክት | ለጋሽ | ለጋሽ | ለሙከራና ለሥልጠና | በአራተኛው ዓመት |

እንደ አቅምና ፍላጎት

*ደመወዝ ከፍሎ ብዙ የማይተርፈው ወረዳ።* መዋቅር አትቀይሩ፤ መዋቅር መቀየር ራሱ ገንዘብ ይበላል። ሁሉንም ማሠልጠኛ ማዕከላት በጥቂቱ ከማንጠባጠብ መሬት፣ ውኃና ትጉ ባለሙያ ያላቸውን ጥቂቶቹን መርጣችሁ በሙሉ አቅም አሠሯቸው። የማዳበሪያ ዕዳ ማስመለሱን ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ መልሱት። ይህ አንዱ እርምጃ ሳንቲም ሳያስወጣ የልማት ሠራተኛውን ፊት ይቀይራል።

*የምርምር ኢንስቲትዩት ያለው ክልል።* የሚያስፈልጋችሁ የብዙ ዓመት በጀትና ተመራማሪን የሚያቆይ የደመወዝ እርከን ነው። በየዞኑ ንዑስ ማዕከል የመክፈት ፖለቲካዊ ግፊትን ተቋቋሙ፤ አንድ የዘር አዳቃይና አንድ የበሽታ ባለሙያ ብቻ ያለው ማዕከል አንዱ ለትምህርት የሄደ ዕለት ተዘጋ ማለት ነው። አዲስ ብር ካገኛችሁ መጀመሪያ ለመነሻ ዘር ብዜት አውሉት፤ በጣም ጥሩ ዝርያ ተለቅቆ ዘሩ ሳይገኝ ዓመታት ማለፋቸው የተለመደ ነው።

*የቡና ወይም የሰሊጥ ዩኒየን።* መዋጮውን በትንሹ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ጀምሩ። የራሳችሁን ላብራቶሪ አታቋቁሙ፤ ካለው የምርምር ማዕከል ጋር ምን፣ መቼ፣ ለማን እንደሚቀርብ የሚዘረዝር ውል ተፈራረሙ። ሒሳቡ በተለየ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይቀመጥ።

*በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ የወተትና የዶሮ እርባታ ባለሀብቶች።* ይክፈሉ። መንግሥት ለእነሱ የሚያወጣው የነጻ ምክር ገንዘብ ከገብስ አምራቹ የተወሰደ ነው። ከመንግሥት የሚጠበቀው የበሽታ ቁጥጥርና የመኖና የመድኃኒት ጥራት ፍተሻ ነው።

*አርብቶ አደር አካባቢ።* የቀበሌ ማሠልጠኛ ሕንጻ ከመንጋው ጋር አይጓዝም። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ከማኅበረሰቡ ተመርጠው የሠለጠኑት የእንስሳት ጤና ሠራተኞች መንገድ ከቋሚ ጣቢያ ይሻላል፤ መድኃኒቱን በተመጣጣኝ ትርፍ እንዲሸጡ ከተፈቀደላቸው ፕሮጀክቱ ከሄደም በኋላ ይሠራሉ።

*የሦስት ዓመት ገንዘብ የያዘ ድርጅት።* ሠራተኛ አትቅጠሩ፣ ዝርያ ለማውጣትም ቃል አትግቡ። ለአንድ ተመራማሪ የትምህርት ዕድል፣ ለአንድ ላብራቶሪ መሣሪያና መለዋወጫ፣ ለሠርቶ ማሳያ የሚሆን ገንዘብ በወቅቱ ማድረስ ከሰባት ስብሰባ ይበልጣል። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የአራተኛውን ዓመት ነዳጅ ከየትኛው የበጀት ርእስ እንደሚከፍል የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ያሳውቃችሁ፤ ደብዳቤው ካልመጣ የመኪናውን ግዥ ሰርዙ።